ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ኮዱም ይፈተን

ለ፦ ከቂሊንጦ እስከ ቢሾፍቱ፣ ከሰበታ እስከ ሆለታ ለምትገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ማዕከላት የምርምር ዘርፍ ኃላፊዎችና የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን የኮድ አጻጻፍ ሥልጠና ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ተመራማሪን ኮድ አጻጻፍ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ አሁን የሚከራከር የለም። ክርክሩ አሠጣጡ ላይ ነው። የተለመደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰኔ ላይ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አዳራሽ ይያዛል፤ አምስት ቀን ስላይድ ይታያል፤ አበል ይፈረማል፤ ሰርተፊኬት ይታደላል። ሠልጣኙ ሰኞ ቢሮው ሲገባ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2» እና «ፋይናል የመጨረሻ» የሚባሉት ፋይሎች ዴስክቶፑ ላይ እንደነበሩ ናቸው።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሥልጠናው በሠልጣኙ በራሱ ኮድና በራሱ ዳታ ላይ ይሁን። አልፏል የሚባለውም ኮዱ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይናገር፣ ያንኑ ውጤት ሲሰጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

የምርምር ሶፍትዌር ስንል ግዙፍ ፕሮግራም ብቻ ማለታችን አይደለም። የድንች ሙከራ መረጃ የሚያጣራ የ200 መስመር የአር ስክሪፕት (ተራ በተራ የሚፈጸም የትእዛዝ ጽሑፍ)፣ የእንስሳት ናሙና ውጤት የሚያጠቃልል የስታታ ዱ ፋይል (የትእዛዝ ፋይል)፣ የጎርፍ ሞዴል የሚያስኬድ የፓይተን ኮድ ሁሉም ሶፍትዌር ነው። ጸሐፊው ራሱን ፕሮግራመር ብሎ አይጠራም፤ ልክ ነው፣ ሙያው እርሻ ወይም ሕክምና ወይም ውኃ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የወጣው በዚያ ኮድ በኩል አልፎ ነው። ተማሪው ሲመረቅ ላፕቶፑም ኮዱም አብረውት ይሄዳሉ። ተከታዩ ተማሪ ከአማካሪው የሚረከበው የተጠረዘውን ቴሲስ ብቻ ስለሆነ ያንኑ የማጣራት ሥራ ከሀ ይጀምራል። የቀደመው ኮድ ስህተት ከነበረበትም የሚያውቀው የለም።

አንድን ስክሪፕት ከባለቤቱ ላፕቶፕ ወደ ሌላ ስትወስዱት የሚገጥማችሁ ችግር ቅደም ተከተሉ ሳይቀር የታወቀ ነው። መጀመሪያ የፋይል አድራሻው ይሰበራል፤ ኮዱ «ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ የባለቤቱ ስም፣ ዴስክቶፕ» እያለ የሚፈልገው ፎልደር እዚህ የለም። እሱ ሲስተካከል ያልተጫነ ፓኬጅ (ኮዱ የሚጠቀምበት ተጨማሪ ጥቅል) ይመጣል። ፓኬጁ ሲጫን ደግሞ አዲሱ ስሪት የድሮውን ትእዛዝ አልቀበልም ይላል። እነዚህ ሦስቱ ቀይ ጽሑፍ አውጥተው ስለሚቆሙ አያስፈሩም። የሚያስፈራው አራተኛው ነው፤ ኮዱ ምንም ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻው ይሄድና የተለየ ቁጥር ይሰጣል።

አር በስሪት 3.6.0 (እ.ኤ.አ. 2019) በዘፈቀደ ናሙና የሚያወጣበትን ስልት ቀየረ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ኮድ ያንኑ የ«ሲድ» ቁጥር (የዘፈቀዱን መነሻ) ይዞ ዛሬ ሌላ ናሙና ያወጣል። በዓመቱ በወጣው 4.0.0 ደግሞ ጽሑፍ የያዘ ዓምድ በራሱ ወደ «ፋክተር» (የምድብ ዓይነት) መቀየሩ ቀረ። በዚያው 2019 ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት አንድ የፓይተን ስክሪፕት በተለያዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ላይ የተለያየ ውጤት እንደሚሰጥ ተደረሰበት። ስክሪፕቱ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይመጣሉ ብሎ ያስባል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ከመቶ በላይ የታተሙ ጥናቶች ተጠቅመውበት ነበር። ማስተካከያው የፋይሎቹን ዝርዝር አስቀድሞ መደርደር ብቻ ነው፤ አንድ መስመር።

ስታታም የራሱ አለው። «ሶርት» ሲባል እኩል ዋጋ ያላቸውን ረድፎች በዘፈቀደ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ «ከየቤተሰቡ የመጀመሪያውን ረድፍ ያዝ» የሚል ዱ ፋይል ዛሬ እናትን፣ ነገ ልጅን ሊይዝ ይችላል። «ስቴብል» የሚለውን አማራጭ መጨመር፣ የበለጠ ደግሞ የሰውየውን መለያ ቁጥር መደርደሪያው ውስጥ ማስገባት ያድናል። ሁለት ፋይል ሲጋጠም «ብዙ ለብዙ» የሚለውን ማርጅ መምረጥም እንዲሁ ያሳስታል፤ የስታታ የራሱ መመሪያ እንኳ አትጠቀሙበት ይላል። ዱ ፋይሉ አናት ላይ «ቨርዥን» ብሎ የተጻፈበትን የስታታ ስሪት ማስቀመጥ ከአንድ መስመር በላይ አይጠይቅም።

ከውጭ የመጣ የሥልጠና ጽሑፍ የማይነግራችሁ ደግሞ የራሳችን ዳታ ወጥመድ አለ፤ የቀን መቁጠሪያው። ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. «12/3/2014» ተብሎ ኤክሴል ላይ ሲገባ፣ ኤክሴል በኮምፒውተሩ የአገር ምርጫ መሠረት ወይ ማርች 12 ወይ ዲሴምበር 3፣ 2014 ያደርገዋል። ትክክለኛው ኖቬምበር 21፣ 2021 ነው። ጥቅምት 30 «30/2/2014» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን ገሚሱ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው፤ ስክሪፕቱ ጽሑፉን «የጠፋ መረጃ» ብሎ ይጥለዋል። ጳጉሜን ይብሳል። ጳጉሜን 3 «3/13/2014» ተብሎ የአሜሪካ ምርጫ ባለው ኮምፒውተር ሲገባ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ሆስፒታል የቆየበት ቀን ሲሰላ የሚመጣው ቁጥር አሉታዊ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ አሉታዊ ካልሆነ ማንም አያየውም።

መውጫው ቀላል ነው። መረጃ ሰብሳቢው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፍ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይረው ሰው ሳይሆን አንድ ስክሪፕት ይሁን። የተቀየረው «2021-11-21» በሚለው መልክ፣ ዓመቱ ቀድሞ ይቀመጥ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የመስክ ደብተሩ «ጠዋት 2 ሰዓት» ሲል የሙቀት መመዝገቢያው መሣሪያ 8፡00 ይላል። ሁለቱን ያጋጠመ ኮድ ስድስት ሰዓት ይስታል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በዓምዱ ስም ላይ መጻፍ አለበት።

ስለ ኤክሴል ካነሳን ሌሎቹንም እንጨምር። የወረዳ ኮድና የስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋል፤ ዓምዱ ዳታ ከመግባቱ በፊት «ቴክስት» መደረግ አለበት። በአማርኛ የተጻፈ ዳታ በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለው ነው መመረጥ ያለበት። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስሞች ሲጋጠሙ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ ዓምድ ይፈጠራል፣ የመጀመሪያው ግን አይነካም። የዝናብ መረጃ ላይ የጠፋን ቀን ለማመልከት የሚገባው −99 ከአማካዩ ጋር ተደምሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። በእንግሊዝም በ2020 መጸው 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት የወጡት 65,536 ረድፍ ብቻ በሚይዘው በድሮው የኤክሴል ፋይል ምክንያት ነበር። ኤክሴልን ከልክሉ አንልም፤ መረጃ ለማስገባት ይሁን፣ ለማጣራትና ለማስላት ግን አይሁን።

ኤስፒኤስኤስ የሚጠቀሙ ብዙ መምህራን «እኛ ኮድ አንጽፍም» ይላሉ። ይጽፋሉ፣ ፕሮግራሙ ይጽፍላቸዋል። ማንኛውም ትንተና ሲመረጥ «ኦኬ» ከሚለው አጠገብ «ፔስት» የሚል ቁልፍ አለ። እሱ ሲጫን ትእዛዙ በጽሑፍ ሲንታክስ መስኮት ላይ ይወርዳል፤ ያ ፋይል ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ ጥናቱ በሙሉ ይደገማል። ከሥልጠናው ይህች አንዲት ልማድ ብቻ ብትተርፍ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው አሠራር። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የተመራማሪዎች ሥልጠና፣ ሶፍትዌር ካርፔንትሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀምር የአንድ ሳምንት ኮርስ ነበር፤ በኋላ ወደ ሁለት ቀን አጠረ። ትምህርቶቹ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ለማንም የተፈቀዱ ስለሆኑ ወስዶ ማላመድ ይቻላል። ከእነሱ የሚወሰደው ዋናው ነገር አሰጣጡ ነው፤ አሠልጣኙ ስላይድ አያሳይም፣ ሠልጣኞቹ እያዩ ኮዱን መስመር በመስመር ይጽፋል፣ ሲሳሳትም እያዩ ያርማል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ቀለም ተለጣፊ ወረቀት ይያዝ፤ ቀዩን ላፕቶፑ ላይ ሲለጥፍ ረዳት ይመጣል፣ እጅ አውጥቶ ማፈር ይቀራል። ሁለቱ ቀን ግን ለመጀመሪያ እንጂ ለማስለመድ አይበቃም። እኛ የምንለው በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ነው። በአንድ ዙር ከ12 እስከ 16 ሰው፣ ሁለት አሠልጣኝ፣ ለስድስት ሰው አንድ ረዳት።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ተኩል ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከተደረገ ሠልጣኙ ልቡ ሰርቪሱ ጋ ነው፤ ከከተማ ወጣ ያለ ግቢ ያመለጠው ሰርቪስ ማታ ሁለትና ሦስት ታክሲ ማለት ነው። ዓርብ አይሁን። ወሩ ደግሞ ሰኔ አይሁን፣ የሰብል ተመራማሪው በሙሉ ማሳ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ቢጀመር የመኸር ሙከራው ታጭዶ ዳታው ትኩስ ሆኖ እጅ ላይ ይገኛል፣ መጋቢት አጋማሽም ያልቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ስለ ፎልደር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለአንድ ጥናት አንድ ፎልደር፣ በውስጡ አራት፦ ጥሬ ዳታ፣ የተጣራ ዳታ፣ ኮድ፣ ውጤት። ጥሬው «ሪድ ኦንሊ» ይደረጋል፤ ማንም እጁን አይጨምርበትም፣ ስህተት ቢገኝ እንኳ የሚታረመው በስክሪፕት ነው፣ ምክንያቱም ማን ምን እንደቀየረ ተጽፎ ይቀራል። አድራሻዎች ሁሉ ከጥናቱ ፎልደር ይጀምራሉ እንጂ ከሲ ድራይቭ አይደለም። አንድ ገጽ የማትሞላ የሪድሚ ፋይል ትጨመራለች፤ ዳታው ከየት መጣ፣ የትኛው ስክሪፕት ይቀድማል፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ለጊት፣ የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ ለሚመዘግበው ፕሮግራም። ጊት ኢንተርኔት ይፈልጋል የሚለው ስህተት ነው፤ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መመዝገብ)፣ የድሮውን ማየት፣ መመለስ፣ ቅርንጫፍ ማውጣት ሁሉ ያለ መስመር ይሠራል። ኢንተርኔት የሚፈልገው ወደ ሰርቨር ሲላክ ወይም ከሰርቨር ሲወርድ ብቻ ነው፤ መስመር በሌለበት ግቢ «ቤር» የሚባለውን ማከማቻ ፍላሽ ወይም የቡድኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ፈጥሮ ወደዚያው መላክ ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፤ ከ2022 ወዲህ ያሉ የጊት ስሪቶች ባለቤትነት የማይመዘግብ ፍላሽ ሲያዩ የፎልደሩ ባለቤትነት ያጠራጥራል ብለው ይቆማሉ። ፎልደሩን በጊት ቅንብር «ሴፍ ዳይሬክቶሪ» ውስጥ ማስገባት ይፈታዋል፤ ረዳቶቹ አስቀድመው ካላወቁት የጠዋቱ ግማሽ በዚህ ያልቃል። የኮሚት መልእክትም «አስተካከልኩ» ብቻ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ አይጠቅምም፤ «የ−99 ቀናት ከዝናብ አማካይ ወጡ» ይባል።

ጊት ውስጥ የማይገባውን ማስተማር የሚገባውን ከማስተማር አይተናነስም። የታማሚ ስም፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር ፈጽሞ አይገባም። አንዴ ኮሚት የተደረገ ፋይል ነገ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፣ ማንም መልሶ ያወጣዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ኮሚት ከመደረጉ በፊት የ«ጊትኢግኖር» ፋይል ተጽፎ የዳታ ፎልደሮቹ ይገለሉ። ኮድ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ጊትሃብም ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሙከራ (ኮዱ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ኮድ) ስለመጻፍ በሚሰጠው ሳምንት ከውጭ ከመጣ ምሳሌ ይልቅ የቀን መቀየሪያው ይወሰድ፤ ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። ፈንክሽኑ መስከረም 1 ቀን 2016ን ሲቀበል ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ይመልስ። መስከረም 1 ቀን 2017ን ሲቀበል ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ሲቀበል ሴፕቴምበር 11፣ 2023። ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን ሲቀበል ግን ስህተት ነው ብሎ ይቁም፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ጃንዋሪ 1፣ 2024 መሆኑ አምስተኛው ነው፤ «ሰባት ዓመት ደምር» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ኮድ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት የሚለዋወጥበት ቀን ነውና። አምስቱ በፓይተን በ«ፓይቴስት»፣ በአር በ«ቴስትዛት» ይጻፋሉ። ከቻትቦት የተገኘ ኮድም በዚሁ በር ይለፍ፤ የቀን መቀየሪያ ጠይቃችሁ ብታዩት ጳጉሜን ላይ የሚስተውን ለመያዝ ይጠቅማል።

የፓኬጅ ስሪቶችን መመዝገብ በአር «ሬንቭ»፣ በፓይተን ደግሞ «ሪኳየርመንትስ» በሚባለው ፋይል ይከናወናል፤ ቁጥሩ ሳይጻፍ ስሙ ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተመዘገበም። መስመር ለሚቆራረጥበት ግቢ ፓኬጆቹ አስቀድመው በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ወርደው በፍላሽ ይታደሉ፤ 16 ሰው በአንድ ዋይፋይ በአንዴ ሲያወርድ ጠዋቱ ያልቃል። የሚወርዱት ለሠልጣኞቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የፓይተን ስሪት የሚስማሙት መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ለሊኑክስ የወረደ ዊንዶውስ ላይ አይጫንም። መብራት ስለሚጠፋም፣ ሰዓታት የሚፈጅ ኮድ ውጤቱን በየመቶው ዙር ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን እንዲቀይር ማስተማር ያስፈልጋል። በቀጥታ መጨረሻው ፋይል ላይ የሚጽፍ ኮድ መብራት ሲሄድበት የቀድሞውንም ጨምሮ ያጠፋል።

ስምንተኛው ሳምንት ፈተናው ነው። ሠልጣኞች ፎልደር ይለዋወጣሉ። ተቀባዩ ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሪድሚውን ብቻ እያነበበ ያስኬዳል፤ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ አይናገርም። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፣ ግን ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነው። ውጤቱ ከጽሑፉ ሠንጠረዥ ጋር እኩል ሲወጣ አለፈ። በአንድ ጠዋት አብዛኛው ሰው አያልፍም፤ አስተካክሎ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣ። ሰርተፊኬት የሚሰጠውም ያኔ ነው።

ከእናንተ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ ቅጹ ላይ «ኮዱና የዳታ መግለጫው ከደራሲው ውጭ በሆነ ሰው ተሞክሮ የሠንጠረዡን ውጤት ሰጥቷል» የሚል አንድ መስመርና የሞካሪው ፊርማ ይጨመር። ይህ ከሌለ ሥልጠናው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተማሪው ለዲፌንስ ሲሯሯጥ የሚጥለው የመጀመሪያው ነገር ኮዱን ማስተካከል ነው፤ እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን እንጥለዋለን። ሞካሪው የሌላ አማካሪ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ለተዘጋጀ ጥናት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሚስጥራዊ ዳታ ከሆነ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው የተፈጠረ ዳታ ይቅረብ።

ሁለተኛው ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች በብሔራዊው ማከማቻ እንዲገቡ ይላል፤ ቤተ መጻሕፍቶቻችሁ ጽሑፉን ሲቀበሉ ኮዱንም አብረው ይቀበሉ። ለውጭ ተጠቃሚ ቋሚ መለያ ቁጥር ካስፈለገ ዜኖዶ የሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ በነፃ ይሰጣል። ፈቃድ ይጻፍበት፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ያለው ሥራ ስለሆነ፣ ምንም ያልተባለበትን ኮድ ተከታዩ ተማሪ እንኳ በሕግ መጠቀም ያጠራጥረዋል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ስምንት ሳምንት የሠለጠነ ተመራማሪ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ጥያቄ ይኖረዋል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 «የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ» የሚል ስያሜ ወጥቶ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መደብ አድርገውታል። እዚህ መደብ እስኪፈቀድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከአይሲቲ ክፍሉ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጠዋት ለዚህ ብቻ ተመድቦ፣ ሥራውም በአፈጻጸም ምዘናው ላይ ተጽፎለት ይቀመጥ። በቃል ብቻ ከተመደበ በሁለተኛው ወር ፕሪንተር ሲጠግን ታገኙታላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ አዲስ በጀት አንጠይቅም። የአንዱ የሐይቅ ዳር ሥልጠና አዳራሽና አበል፣ ምንም ያልተጫነበት አንድ የመሞከሪያ ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ፣ የቡድን ሃርድ ዲስክና ለሁሉም ፍላሽ ይሸፍናል ብለን እናምናለን። ሥልጠናው በየግቢያችሁ ስለሆነ አበል የለም። ይህ አንዳንድ ሠልጣኞችን እንደሚያስቀር እናውቃለን። የሚመጡት ዳታ ይዘው የተቸገሩት ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ለእነሱ ነው።

የማቅረቢያ ቅጹ መስመር በመጪው ሴሚስተር የድኅረ ምረቃ ጉባኤ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ እንጠይቃለን። የስምንቱን ሳምንት ጽሑፍ፣ የቀን መቀየሪያውን ከነሙከራው፣ የሪድሚ ቅጹንና የፍላሽ ዝግጅቱን መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅተን ያለ ክፍያ እናስረክባለን፤ ከየተቋሙ ሁለት ሁለት ረዳት ብትልኩልን ከጥምቀት በፊት እናዘጋጃቸዋለን።

ከሰላምታ ጋር
በምርምር ሶፍትዌር ሥራና ሥልጠና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለየተቋማቱ ቤተ መጻሕፍትና የአይሲቲ ክፍሎች